የጠፋው እግርና አንድ አሮጌ ጫማ

መደርደሪያው ላይ እግሩ የለም።

ኃላፊው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የወርክሾፑን በር ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ይህንኑ ነው። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በገዛ እጁ በጨርቅ ወልውሎ ያስቀመጠው ሰው ሠራሽ እግር ጠፍቷል። ቀኝ እግር፣ ከጉልበት በታች፣ አዲስ። አጠገቡ የነበረው አንድ አሮጌ ጫማም የለም።

በሩ አልተሰበረም። መስኮቱም አልተከፈተም። መሰርሰሪያው አለ፣ የስፌት መኪናው አለ፣ የግድግዳው ሰዓት እንኳን አለ።

ኃላፊው ፖሊስ ጣቢያ ደወለ።

ስልኩን ያነሳው ተረኛ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እግር ከሆነ በራሱ ሄዶ ይሆናል፣ ጌታዬ። ሩቅ ሳይደርስ አይቀርም።»

አንዲት ሳጅን ጉዳዩን ወሰደች። ሌሎቹ ሁሉ ሥራ አለን ስላሉ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ስታገለግል ብዙ ነገር ሲሰረቅ አይታለች። የእግር ሌባ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ወርክሾፑ ስትደርስ በረንዳው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ክራንች አጠገቧ ያስደገፈች ሴት ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ገደማ ነው። የሱሪዋ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በግራ እግሯ አሮጌ ጥቁር ጫማ አድርጋለች።

«ሌባውን ልትይዢ ነው የመጣሽው?» አለች ሴትዮዋ።

«ልሞክር ነው። አንቺስ?»

«እኔማ የእግሩ ባለቤት ነኝ። ዛሬ ጠዋት ልሞክረው ነበር ቀጠሮዬ።»

የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት። በየቤቱ እየዞረች የቆጣሪውን ቁጥር ትመዘግባለች። ከአራት ወር በፊት አንድ የጭነት መኪና ወደኋላ ሲመለስ አላያትም። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቷ ጠብቋት ነበር። ትዕግሥቱ ግን ነገ ያበቃል።

«ነገ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴ ፊት እቆማለሁ» አለች። «ደረጃ ወጥቼ ወርጄ፣ ቆጣሪ አንብቤ ካሳየሁ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ካልሆነ በጡረታ ትሰናበቺያለሽ ብለውኛል። በሠላሳ አራት ዓመቴ ጡረታ! የሰፈሬ ውሾች እንኳን ይስቁብኛል።»

 ሳጅኗ ማስታወሻዋን አወጣች።

ነገ ዘጠኝ ሰዓት። ጊዜ የለም።

ወርክሾፑ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። በመስታወት ግድግዳ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። በየመስታወቱ ላይ ዕቃ የሚያስተላልፉባት ትንሽ መስኮት አለች። ሦስት ሠራተኞች በሦስት ክፍል ተቀምጠው ይተያያሉ። አንዱ ለሌላው ደህና አደርክ ሲል ግን ሳጅኗ አልሰማችም።

የመጀመሪያው ክፍል የጄሶ ነው። የሚሠራበት ሰውዬ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሲሆን እስከ ሽፋሽፍቱ ነጭ ነው። ጋሽ ጄሶ ይሉታል። የበሽተኛውን እግር የሚለካውና እግሩ የሚገባበትን ቀፎ የሚያወጣው እሱ ነው።

«ትናንት መቼ ወጡ?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

«ቁልፍ አለዎት?»

«ሦስታችንም አለን። አራተኛው ኃላፊው ጋ ነው።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን።»

«ስም የለውም?»

«እኔ ጋ የለውም» አለ ጋሽ ጄሶ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። ሽርጡ ከእጁ ይብስ ነጭ ስለነበር ምንም አልጠቀመውም።

ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ብረት ሠሪው ነው። ቀፎውንና የእግር መዳፉን የሚያገናኘውን ቱቦ ይቆርጣል፣ ብሎኑን ያጠብቃል። ንግግሩ ስለሚፍቅ ሞረድ የሚል ስም ወጥቶለታል።

«መቼ ወጣህ?»

«ሥራዬን ስጨርስ።»

«ስንት ሰዓት ነው ሥራህን የጨረስከው?»

«ስወጣ።»

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«እኔ ብረት ነው የምሠራው። መጠርጠር የእርስዎ ሥራ ነው።»

ሳጅኗ ማስታወሻዋን ዘጋች። ከሞረድ ያገኘችው ይኸው ነው።

ኃላፊው የሚጠረጥረው ሰው ነበረው። «ትናንት ብረታ ብረት የሚገዛው ሰውዬ እዚህ ሲያንዣብብ ነበር። እሱ ነው። ቱቦው አሉሚኒየም ስለሆነ ይሸጣል።»

ሳጅኗ መንገዱን ተሻግራ ሰውዬውን አገኘችው። በብረት ክምር መሐል ቆሞ ሲያስቅ የኖረ የሚመስል ወፍራም ሰው ነው።

«ሳጅን፣ ያ ቱቦ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ለግማሽ ኪሎ ልታሰር? እሺ እሱን ሰረቅኩ እንበል። አንድ እግር አሮጌ ጫማ ምን ያደርግልኛል? ሌላኛውን የት አገኘዋለሁ?»

ሳጅኗ መንገዱ መሐል ስትደርስ ቆመች። አንድ ብስክሌተኛ ደወሉን እያቃጨለባት አለፈ።

ጫማው። ለማን ይጠቅማል?

ለመሸጥ የሚሰርቅ ሰው እግሩን ይዞ ጫማውን ይተዋል። ጫማውን የሚፈልገው እግሩን ጫማ አልብሶ ማቆም የፈለገ ሰው ነው። ሊለካው የፈለገ ሰው።

ተመልሳ ሦስተኛው ክፍል ገባች። እዚያ ያለችው ቆዳ ሰፊዋ ስትሆን ስልሳ አልፏታል። እጇም አፏም ስለሚወጋ እትዬ ወስፌ ትባላለች።

«ተቀመጪ ልጄ። ከሁለቱ ወንዶች ምንም እንዳላገኘሽ ፊትሽ ይናገራል።»

«ለምንድን ነው የማይነጋገሩት?»

እትዬ ወስፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ከስምንት ወር በፊት የሠራነው አንድ እግር መንገድ ላይ ተሰበረ። ሰውዬው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ኃላፊው ሰብስቦ የማን ጥፋት ነው ሲል ጄሶ ሞረድን ጠቆመ፣ ሞረድ እኔን ጠቆመ፣ እኔ ሁለቱንም ጠቆምኩ። ከዚያ ኃላፊው ግድግዳውን በመስታወት ለወጠ። ሁሉም ነገር በወረቀት ይሁን፣ ወረቀቱ ላይ ስህተት የተገኘበት ይሰናበታል አለ።»

«ከመስታወቱ በፊትስ?»

«ጣውላ ነበር። ይንኳኳ ነበር። ጄሶ በሽተኛውን ለክቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ከዚያ ጣውላውን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ካንኳኳ በባዶ እግር ነው የለካሁት ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ካንኳኳ ከነጫማው ነው። ያን ጊዜ ሞረድ የተረከዙን ቁመት ቀንሶ ይቆርጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲሠሩ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። አሁን በመስታወት ይተያያሉ፣ ብጣሽ ወረቀት ይቀባበላሉ።»

«የዚህ እግር ወረቀት የት አለ?»

«እዚያ ሚስማር ላይ ይሰቀላል።»

ሚስማሩ ላይ የሌሎች እግሮች ወረቀቶች ተሰክተዋል። የቆጣሪ አንባቢዋ እግር ወረቀት ግን የለም።

«ሌላ ያዩት ነገር አለ፣ እትዬ?»

«ሞረድ ጠረጴዛውን ጠርጓል።»

«እና?»

«እናማ ልጄ፣ ያ ሰው ጠረጴዛውን የሚጠርገው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ጠዋት ሳየው የታመመ ነው የመሰለኝ።»

ሳጅኗ ወደ በረንዳው ወጣች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደህናውን እግርሽን ሲለኩሽ ጫማ አድርገሽ ነበር?»

«አዎ» አለች ቆጣሪ አንባቢዋ። «ላወልቅ ስል ጋሽ ጄሶ መሬቱ ይቀዘቅዝሻል፣ አታውልቂ አሉኝ። ስሄድ ደግሞ የቀኙን ጫማዬን ለአዲሱ እግር ትቼላቸው ሄድኩ።»

ሳጅኗ ኃላፊውንና ጋሽ ጄሶን አንድ ላይ አቆመቻቸው። በመስታወቱ ወዲያና ወዲህ ሞረድና እትዬ ወስፌ ሥራ የያዙ መስለው ጆሯቸውን ጥለዋል። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው።

«ጋሽ ጄሶ፣ ወረቀቱ ላይ የጻፉት ቁጥር ስንት ነው?»

«አርባ አንድ። ከጉልበት እስከ መሬት።»

«ከነጫማው የሚል ጽፈዋል?»

ጋሽ ጄሶ እጁን እንደገና በሽርጡ ጠረገ። ፊቱ ጄሶ ባይኖርበት ኖሮ በዚያች ደቂቃ ይነጣ ነበር።

«አልጻፍኩም» አለ ቀስ ብሎ። «ድሮ... ድሮ አልጽፍም ነበር። አንኳኳ ነበር።»

«ስለዚህ ብረት ሠሪው አርባ አንዱን በባዶ እግር መስሎት ቆረጠው። ጫማው ሲጨመር እግሩ በተረከዙ ልክ ረዘመ።»

ኃላፊው ጣቱን ወደ ጋሽ ጄሶ ቀሰረ። «በቃ! ተገኘ! ጥፋቱ እንዳይታወቅበት እግሩንም ወረቀቱንም ያጠፋው እሱ ነው!»

መልሱ ይመስላል። ወረቀቱ ቢገኝ የሚባረረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱን ለማጥፋት ምክንያት ያለውም እሱው ነው። ሳጅኗ ግን ዓይኖቿን ከጋሽ ጄሶ አልነቀለችም። ሰውዬው ኃላፊውን አይመለከትም። በመስታወቱ በኩል የተጠረገውን የሞረድን ጠረጴዛ ይመለከታል። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተጠመደውን የብረት መያዣ ሞርሳ፣ ከሞርሳው ሥር የቀረችውን ብልጭ የምትል የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ይመለከታል። ሲመለከት ቆየና ትከሻው ወረደ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

«የት አለ?»

«ጣልኩት።»

«የት?»

«ወንዝ ውስጥ።»

«የትኛው ወንዝ? ይህ ከተማ ወንዝ የለውም።»

ጋሽ ጄሶ ጥቂት አሰበ። «ሩቅ ነው።»

እትዬ ወስፌ መስኮቷን በርግዳ አንገቷን አወጣች። «አትስሚው ልጄ፣ ውሸት አያውቅበትም። እኔ ነኝ የሰረቅኩት!»

«እርስዎ ደግሞ ለምን?» አለች ሳጅኗ።

«ሲያረጁ ያደርጋል።»

ሳጅኗ ሳቋን ዋጠች። ብዙ ጊዜ ለአንድ ዕቃ አንድም ሌባ አጥታ ታውቃለች። ለአንድ ዕቃ ሁለት ሌባ አግኝታ ግን አታውቅም። ሁለቱም እንደሚዋሹ፣ ለማን ሲሉ እንደሚዋሹም ገብቷታል። ጋሽ ጄሶ እስክሪብቶዋ እስኪያልቅ ብትጠይቀው እንኳን ያንን ስም አይናገርም።

ስለዚህ ማስታወሻዋን ከፈተችና እያነበበች መጻፍ ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«እንግዲያው ልመዝግብ። ሌባው ቱቦውን ለማሳጠር በሁለት ሴንቲሜትር ቆርጦታል። አቆራረጡም ጠማማ...»

«ሦስት!» የሚል ድምፅ ከመስታወቱ ወዲያ ፈነዳ። «ሦስት ሴንቲሜትር ነው! ጠማማም አይደለም!»

ሁሉም ወደ ድምፁ ዞሩ።

ሞረድ መፍቻውን ይዞ ቆሟል። ምን እንዳለ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። መፍቻውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አወቁብኝ» አለ።

«አወቅኩብህ» አለች ሳጅኗ። «ወረቀቱስ?»

«ዋጥኩት።»

«ምን?»

«ኃላፊው የቆሻሻ ቅርጫት ይፈትሻሉ። ሌላ ምን ላድርገው?»

ነገሩን ቆሞ ተናገረ፣ ጋሽ ጄሶን ሳያይ። ትናንት ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ጫማውን ለእግሩ አለበሰው። ለካው። አርባ አራት ሆነ። ወረቀቱን ከሚስማሩ አንስቶ አነበበ። አርባ አንድ ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። ስምንት ወር ሙሉ ያላናገረውን ሰው በማግስቱ የሚያስባርር ወረቀት እጁ ላይ ነበር።

«እና ለምን አላሳየኸኝም?» አለ ኃላፊው። እውነት ግራ ገብቶታል።

«እሱ ከሄደ ሌላ ሰው ይመጣላ!» አለ ሞረድ። «የሌላ ሰው ቀፎ ምን ልገጥምበት ነው? እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሱን ነው የገጠምኩት። ዓይኔን ጨፍኜ እገጥመዋለሁ። የት ጋ እንደሚያወፍር፣ የት ጋ እንደሚያሳሳ አውቃለሁ። ስምንት ወር አላናገርኩትም፣ ልክ ነው። ግን የእጁን ሥራ በየቀኑ እዳስሳለሁ።»

ጋሽ ጄሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቆርጬ ሳይነጋ ልመልሰው ነበር ሐሳቤ» አለ ሞረድ። «ስቆርጠው ግን መዳፉ ወደ ውጭ ዞረ። መዳፉ የሚቃናበት መስመር ያለው እሱ ጋ፣ በጄሶው ቅርጽ ላይ ነው። ማሰሪያውም ቦታውን ለቀቀ፣ ያ ደግሞ የእትዬ ነው። ብቻዬን ላቃናው አልቻልኩም። ቤት ወስጄ ስታገል ሚስቴ አልጋ ሥር እግር አግኝታ ጎረቤቱን በጩኸት አስነሳችው። አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ስርቆት ነው!» አለ ኃላፊው። «ሳጅን፣ ይጻፉልኝ!»

«ዕቃው የማን ነው?» አለች ሳጅኗ።

«የእኔ ነው።»

ቆጣሪ አንባቢዋ በር ላይ በክራንቾቿ ቆማለች። መቼ እንደገባች ማንም አላየም።

«እግሩ የእኔ ነው፣ እኔ ማንንም አልከስም። ስለ ወረቀት ስትጨቃጨቁ ሰማሁ፣ ማን ይባረር ስትባባሉ ሰማሁ። ነገ ኮሚቴው ፊት የምንበረከከው እኔ ነኝ፣ እሱን የሚያስታውስ ሰው ግን የለም!»

«መንበርከክ?» አሉ ሦስቱ፣ በአንድ ድምፅ።

«ታዲያ! ቆጣሪ መሬት ላይ አይደለም እንዴ ያለው? ጉልበቴን አጥፌ፣ ክዳኑን አንስቼ ነው የማነበው። በቀን መቶ ሃያ ጊዜ።»

ጋሽ ጄሶ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሞረድን አየው። «የቀፎው የኋላ ጠርዝ ከፍ ያለ ነው። ስትንበረከክ ይወጋታል።»

«ብትቀንሰው ማሰሪያው ይይዛል?» አለ ሞረድ።

«ዝቅ ካደረግኩት ይይዛል» አለች እትዬ ወስፌ። «አንተ ግን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን ብሎን ማላላት አለብህ። ምን ቆመሃል? እግሩን ከቁም ሳጥን አምጣዋ!»

ሞረድ ሮጠ። ሳጅኗ አብራው ሄደች፣ ማስረጃ ለመያዝ ስትል። ሚስቱ እግሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ሰጠቻቸው።

ቀኑን ሙሉ የሠሩት በእትዬ ወስፌ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሰፊው እሱ ስለሆነ። ጋሽ ጄሶ ከቀፎው ጠርዝ በጥቂቱ ይፍቃል፣ ሞረድ ይገጥማል፣ እትዬ ወስፌ ታስራለች፣ ቆጣሪ አንባቢዋ እየቆመች ትንበረከካለች።

«እዚህ ጋ ይቆረቁረኛል።»

«የት ጋ?»

«እዚህ ጋ ነዋ፣ ጋሼ!»

«ሞረድ፣ ያንተ ብሎን ነው።»

«የእኔ ብሎን አይደለም፣ ያንተ ጠርዝ ነው። ቆይ... አይ፣ የእኔ ነው።»

ኃላፊው ለብዙ ሰዓት እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። በኋላ «እኔስ?» አለ።

«መብራቱን ያዙልን» አለች እትዬ ወስፌ። ያዘ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያዘው። ክንዱ ሲዝል ወደ ሌላኛው ክንዱ አዛወረው እንጂ አላስቀመጠውም።

ሊወጡ ሲሉ ለጋሽ ጄሶ «ከእንግዲህ ወረቀቱ ላይ ጫማ የሚል ቦታ ልጨምርበት» አለው።

«ይጨምሩበት» አለ ጋሽ ጄሶ። «እኔ ግን በአፌም እነግረዋለሁ።»

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ አሥራ አራት ደረጃዎች ያሉት ሕንፃ አለ። ሦስት የኮሚቴ አባላት ከላይ ቆመዋል። ሦስቱ ሠራተኞች፣ ኃላፊውና ሳጅኗ ከታች ቆመዋል። ሳጅኗ በመዝገቧ ላይ «ዕቃው ለባለቤቷ ተመልሷል» ብላ ጉዳዩን ዘግታለች። እዚህ የመጣችው በዕረፍት ሰዓቷ ነው።

ቆጣሪ አንባቢዋ ክራንቾቿን ለእትዬ ወስፌ ሰጠች። መውጣት ጀመረች።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ስምንተኛው ላይ ቆመች። ከታች ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማሰሪያው ነው» አለች እትዬ ወስፌ በሹክሹክታ።

«ብሎኑ ነው» አለ ሞረድ።

«ጠርዙ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ጋሽ ጄሶ።

ቆጣሪ አንባቢዋ ዞረች። «ዝም በሉ እስቲ! እየቆጠርኩ ነው፣ ቁጥር አጠፋችሁብኝ!»

ወጣች። ወረደች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ያየው በቃው፣ ፈርሞ ሊገባ ነው። እሷ ግን አልበቃትም። ግቢውን አቋርጣ ጥግ ወዳለው የቆጣሪ ጉድጓድ ሄደች። ጉልበቷን አጥፋ ተንበረከከች። ክዳኑን አነሳች። በእጅጌዋ መስታወቱን ጠረገች። ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፣ አንድ በአንድ።

ከዚያ ግን አልተነሳችም። ጎንበስ ብላ ቆየች።

ሞረድ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጋሽ ጄሶ ክንዱን ያዘው።

«ቢሮ ውስጥ የተከፈተ ቧንቧ አለ?» አለች እሷ፣ ቀና ሳትል።

«የለም» አለ ሰብሳቢው። «ምነው?»

«ቆጣሪው ይዞራል። ቧንቧችሁ መሬት ውስጥ ፈንድቷል።» አንድ እጇን መሬት አስደግፋ፣ ማንንም ሳትይዝ ተነሳች። ሱሪዋን አራገፈች። «የውሃ መሥሪያ ቤት ሆናችሁ ውሃ ታፈስሳላችሁ። አራት ወር ሙሉ ማንም አላየውም ማለት ነው?»

ሰብሳቢው ወደ ጉድጓዱ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ይዞራል። 

«ደብተሬን አምጡልኝ» አለች ቆጣሪ አንባቢዋ። «ገና ሳይመሽ በሰፈሬ ሃያ ቤት አዳርሳለሁ።»